ያልነካናት ሰሃን

ዲላ ላይ ሲይዙኝ ከእኔ ቀድማ መኪናው ላይ የተጫነችው ሳጥኔ ነበረች። የጫማ ካርቶን ታክላለች፤ ባትሪና ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አሏት። "ፈንጂ ናት" አሉ። ሳቄ መጣ። የሳቅኩት ግን ፖሊስ ጣቢያው በር እስክንደርስ ብቻ ነው።

ክፍሉ እርጥብ ሲሚንቶና ላብ ይሸታል። አዲስ ገቢ ሥራውን ለታሳሪው ሁሉ መናገር ደንብ ነበርና ተናገርኩ። በተማርኩበት ቤተ ሙከራ የአይጥ አንጎል ሕዋሳትን ሰሃን ላይ እናሳድግ ነበር። በሳጥኗ ደካማ ኤሌክትሪክ እየሰጠን እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መንገድ ይለወጥ፣ ማለትም ይማሩ እንደሆነ እናያለን። አንዷን ሰሃን ግን አንነካትም። እሷም ከተለወጠች ለውጡን ኤሌክትሪኩ አመጣው ማለት አይቻልም።

"ሰሃኗን በሽቦው ስትነኳት ያማታል?" አሉኝ ከቡሌ የመጡ ሽማግሌ፣ ከቤት የመጣላቸውን ቆጮ እየቆረሱልኝ። የታሰሩት በመንደራቸው ስብሰባ ማን ምን እንዳለ አልናገርም ብለው ነው።

"አይመስለኝም፣ አባባ። ሰው አይደለችም።"

በማግስቱ ሁለታችንንም ጠሩን። ሳጥኗ ጠረጴዛው ላይ ነበረች።

"ፈንጂ ካልሆነች እሳቸው ላይ ሞክራትና አፋቸውን ክፈትልን" አለኝ መርማሪው። "ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። እምቢ ካልክ ፈንጂ ናት ብለህ ትፈርማለህ።"

ደሜ ፈላ፤ አሁንም ሳስበው ይፈላል። ለማወቅ የሠራኋትን ዕቃ አለንጋ ሊያደርጓት! ሳጥኗ ዝንብ እንኳ እንደማታስደነግጥ አውቃለሁ። ሽቦውን ባስነካቸው ምንም አይሰማቸውም፣ እኔም እፈታለሁ። ቀና ስል ግን ሽማግሌው እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ደብቀው ሽቦዎቹን ያያሉ።

ባትሪውን ነቅዬ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

"ሰው በአፍ ነው የሚጠየቀው" አልኩ። አልፈረምኩምም።

በጥፊ መታኝ። ክረምቱንም እዚያው አሳለፍኩ።

ያን ቀን ወደ ክፍሉ ስንመለስ ሽማግሌው ደረቁን የግድግዳ ጥግ ለቀቁልኝ።

"አባባ፣ እኮ ምንም አታደርግዎትም ነበር።"

"እኔ አላወቅኩም" አሉ፤ "መርማሪውም አላወቀም። አንተ ግን እያወቅክ እምቢ አልክ።"

ሳጥኗን እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም። አሁን የማስተምራቸው ልጆች "መምህር፣ ሕዋሳቱ ተማሩ ወይ?" ይሉኛል። ያልነካናትም ሰሃን ስለተለወጠች አላወቅንም እላቸዋለሁ። ቅር ይላቸዋል። ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የምስለው ግን ያቺኑ ሰሃን ነው። እዚያ እስር ቤት እንደ እሷ ሳይነካ የተተወ ሰው አልነበረም።