ቆማ የከረመች መኪና ዘይት

የቅሬያችን መኪና እኔ ግቢ የምታድረው በሩ ሰፊ ስለሆነ ነው እንጂ የእኔ ሆና አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው ስለሚያማ ነው። መርሳ ከተማ ላይ የእኛ ሰፈር ቅሬ፣ እድራችን ማለት ነው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ፣ ለቀብር ድንኳንና ድስት እንደገዛው ሁሉ ለታማሚና ለወላድ ብሎ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ገዝቶ ነበር። ቁልፏ እኔ ዘንድ ነው። መጠባበቂያ ዘይቷም እኔ ዘንድ ነው።

ስለ ዘይቷ በደንባችን ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ስትሄድ ይቀየር» ይላል። ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ቢሆንም ምን መጻፍ እንዳለበት አውቃለሁ። መካኒካችን ግን ያኔውኑ አልተስማማም። መኪናዋን የሚነዳትም የሚጠግናትም እሱ ነው።

«እማማ፣ ብዙ የማትሄድ መኪና በኪሎ ሜትር ብቻ አትለካም። ሄደችም አልሄደች በስድስት ወር፣ ግፋ ቢል በዓመት ዘይቷ መቀየር አለበት» አለኝ።

«ያላረሰ ማረሻ ማን ያስለዋል?» አልኩት።

«ያላረሰ ማረሻ ነው የሚዝገው» አለ።

ነገሩ ለእኔ አልተዋጠልኝም። ያልሠራ ዘይት ምን አድክሞት ነው የሚቀየረው? ሠርቶ የጠቆረው እያለ ተኝቶ የከረመው አዲስ ልብስ ይልበስ ማለት ፍርድ ማጉደል ነው። ደንቡም እንዳልኩት ጸና።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲደርስ መኪናዋን ደበቅናት። አራቱን ጎማ ፈትተን ለአራት ቤት አከፋፈልን። ባትሪዋን አንዱ ጎረቤት ጎታ ውስጥ ከተትናት። እሷን ራሷን ድንጋይ ላይ አስቀምጠን ያለፈውን ዓመት የማሽላ አገዳ ከመርንባት። አንዱ ጎማ የደረሰው ለእኔ ስለነበር አልጋዬ ሥር አስገባሁት። አንድ ቀን ቤቱን ሊፈትሽ የገባ ታጣቂ አየው።

«መኪናውስ የት አለ?» አለኝ።

«ለእኔ የደረሰኝ ጎማ ብቻ ነው» አልኩት።

ውሸት አልነበረም። አንዴ ጎማውን፣ አንዴ እኔን አይቶ ወጣ።

ታጣቂዎቹ ሄደው መንገዱ ሲከፈት አገዳውን ገለጥን። ከወንበሯ ላይ የማን እንደሆነች ያልታወቀች ዶሮ ከስድስት ጫጩቶቿ ጋር አገኘን። ባለቤት ነኝ የሚሉ አራት ሰዎች ስለመጡ በዕጣ አካፈልናቸው። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለው ጉዳይ ግማሽ ቀን ይፈጅብን ነበር።

የዘይቱ ጉዳይ ግን ከዶሮዋ የባሰ ሆነ። በሰፈሩ የተረፈው የሞተር ዘይት እኔ ዘንድ የነበረው አንድ ያልተከፈተ ጄሪካን ብቻ ነው። ሁለት ጠያቂ መጣበት። አንዱ ባለወፍጮው ነው። መብራት ከጠፋ ወራት ስለሆነው የሁሉም ዓይን በእሱ የናፍጣ ወፍጮ ላይ ነበር። ሰው ማሽላ እየቀቀለ ንፍሮ በመብላት ጥርሱን ጨርሷል፤ እህሉን ተሸክሞ ከግራና ከተማ ድረስ የሚመጣም ነበር። ሞተሩ ግን ዘይት ጨርሶ ቆሟል። ሁለተኛው ጠያቂ መካኒኩ ነው፤ ለመኪናዋ።

ቅሬው እኔ ግቢ ተሰበሰበ። ሸኹ ዱአ አደረጉ፤ ነገሩ ተጀመረ። መካኒኩ የመኪናዋን የዘይት ክዳን ፈትቶ ከውስጥ በኩል የያዘውን ነጣ ያለ ነገር በጣቱ ጠርጎ አሳየን። እርጎ ይመስላል።

«እርጥበት ነው። ክረምቱን ሙሉ ቆማ ጠጥታለች» አለ።

«ስንት ኪሎ ሜትር ሄደች?» አልኩት።

«እማማ፣ ጎማ አልነበራትም እኮ።»

«ስንት ሄደች?»

«ዜሮ።»

«በቃ» አልኩ። ጄሪካኑ ለወፍጮው ተወሰነ። ባለወፍጮው አንጠልጥሎት ሲወጣ እንደዚያ ቀን በራሴ ረክቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት አዋላጇ መጣች። ያሳደግኳት የልጄ ልጅ የመጀመሪያዋን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር። ባሏ ወደ ደሴ እንደሸሸ ገና አልተመለሰም። አዋላጇ ሆዷን ከግራ ከቀኝ ዳሰሰች፤ ደግማም ዳሰሰች። ከዚያ ወደ ውጭ ጠራችኝ።

«ፅንሱ አግድም ነው የተኛው። እዚህ ጤና ጣቢያው ባዶ ነው፤ ጓንት እንኳ የለኝም። ወልድያ ሆስፒታል አንድ ሐኪም ተመልሷል አሉ። ምጡ ሳይጠናባት ዛሬውኑ ትሂድ። እዚህ ከያዛት ሁለቱንም እናጣለን» አለችኝ።

ከመርሳ ወልድያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባጃጅ የለም፣ ሚኒባስ የለም። ያለችው የቅሬው መኪና ናት፤ ጥቂት ናፍጣም ከመሬት ተቀብሮ ነበር። መካኒኩን ጠርቼ አሁኑኑ ተነሣ አልኩት።

«በዚያ ዘይት አልነዳትም» አለ። «መንገድ ላይ ሲሪንቃ ስንደርስ ሞተሩ ተጣብቆ ቢቀር ማን ያነሣናል? እዚያ የእርሻ ምርምር ጣቢያው ደጃፍ ላይ ትውለድ?»

ነገሩን የሰማው ባለወፍጮ ጄሪካኑን ገና ሳይከፍተው ይዞልኝ መጣ። «እናቴ፣ ይኸው። ወፍጮው ይቆይ» አለ።

«አልቀበልም» አልኩት። «ትናንት የሌላ ሰው ጉዳይ ሲሆን ወፍጮው ይቅደም ብዬ፣ ዛሬ የራሴ ሲሆን መኪናዋ ትቅደም ልበል?»

ጄሪካኑን ደጄ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ተሸክሜ መለስኩለት። በሌላ ሰው ላከው፤ መለስኩት። ሦስተኛ ጊዜ በአጥር አሻግሮ አስገብቶት ሮጠ። በስልሳ ዓመቱ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ጄሪካኑን ይዤ ተከተልኩት። መንገደኛው ቆሞ ያየን ነበር። ሁለት አዛውንት፣ አገሩ ሁሉ ዘይት ባጣበት ጊዜ፣ ዘይት አልወስድም እየተባባልን እንሯሯጣለን።

ስመለስ ልጅቷ ወገቧን ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«እማ» አለችኝ፣ «የምታምጪው አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ዝም በይ። ፍርድ ነው።»

«ፍርዱ እስኪያልቅ ይሄ ይጠብቃል?» አለችና ሆዷን አሳየችኝ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። አንድ ጊዜ ቆረጠኝ ብላ ግድግዳውን ያዘች። እንዲያም ሆኖ አሁንም አልቀበልም አልኩ።

አዋላጇ ናት መሰለኝ ቅሬውን የጠራችው። ሳይጠሯቸው የመጡም ነበሩ። ሰብሳቢያችን ሳይቀመጥ ተናገረ።

«አንቱ የነገሩ ባለቤት ነዎት። ባለጉዳይ ዳኛ አይሆንም። ይውጡልን።»

«ከገዛ ግቢዬ?»

«ከገዛ ግቢዎ።»

እውነቱን ስለሆነ ወጣሁ። አጥር ጥግ ቆሜ ግን መስማቴን አልተውኩም። መካኒኩ የመኪናዋ አሮጌ ዘይት ይቀዳና ለወፍጮው ይሰጥ አለ፤ ወፍጮ አንድ ቦታ ቆሞ ስለሚሠራ፣ ሲግል ስለሚውል፣ እርጥበቱ ተንኖ ይጠፋል፤ አዲሱ ዘይት መንገድ ለምትወጣው ይሁን። ባለወፍጮው እሺ አለ። የወፍጮው ሞተር ቢበላሽስ ያለም ነበር። ሸኹ፣ «ንፍሮ ለአንድ ወር ጨምረን እንበላለን፤ ለምደነዋል» አሉ።

«እንዲህ የምትወስኑት የእኔ ስለሆነች ነው» ብዬ በአጥሩ ተጣራሁ። «የአንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ ብትሆን ትሰጡ ነበር?»

ከዚያ ሰብሳቢው ወደ አጥሩ ቀረበ።

«ለእሷማ ያለ ስብሰባ እንሰጣት ነበር፤ አንቱም ራስዎ ተሸክመው ያደርሱላት ነበር። እስካሁን ያቆየን የእርስዎ ልጅ መሆኗ ነው።»

እውነቱን ነው። የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ኖሮ ጄሪካኑን አልመልስም ነበር። ለማንም እንዳላዳላ ብዬ በአንዷ ላይ ፈርጄባት ነበር፤ እሷም የገዛ ልጄ ናት። ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ዘይቱ ተለወጠ፤ አሮጌውም ወፍጮው ሞተር ውስጥ ገባ። ጎማዎቹ ከየቤቱ ተሰብስበው ተገጠሙ፤ ባትሪዋ ግን ጎታ ውስጥ ሞታ ነበር። ልጅቷን ከመካኒኩ ጎን አስቀመጥናት፤ ቅሬው በሙሉ ከኋላ ሆኖ ገፋ። ሸኹ አንድ እጃቸውን በመኪናዋ፣ አንድ እጃቸውን በወገባቸው አድርገው ገፉ። ባለወፍጮው ገፋ። ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ጥቁር ጭስ ተፋችብንና ተነሣች፤ እኔና አዋላጇ እየሮጥን ኋላ ወጣን። ከከተማው ሳንወጣ የወፍጮው ድምፅ ከኋላችን ተሰማ።

ሲሪንቃን ሞተሩ ሳይጣበቅ አለፍን። እኔ ልጅቷን በመስኮቱ አያታለሁ፤ ምጡ ሲመጣ ዳሽቦርዱን ትጨብጣለች። ወልድያ ሆስፒታል ወዲያው ተቀበሏት። ሐኪሙ እንደ አዋላጇ ዳሰሰና «በቀዶ ጥገና ነው» አለ። በሩ ተዘጋ።

መካኒኩ ሞተሩን አላጠፋም። ባትሪ የለም፤ ካጠፋት የሚገፋ ሰው አላመጣንም፤ የሆስፒታሉን ቁልቁለት ደግሞ የወታደር ካሚዮን ይዞታል። ስለዚህ መኪናዋ መስኮቱ ሥር ቆማ እያጓራች ዋለች። አንዲት ነርስ ወጥታ፣ «እማማ፣ ይቺን ነገር አስጠፉልን፤ ጭሱ እየገባ ነው» አለችኝ። ትንሽ ራቅ አደረግናት እንጂ አላጠፋናትም። ሐኪሙ የጎደለ ነገር አለ ቢል፣ ደሴ ውሰዷት ቢል፣ በምን እወስዳታለሁ? መተላለፊያው ላይ ተቀምጬ ሞተሩን አዳምጣለሁ። ድምፁ ትንሽ ሲወርድ የእኔም ልብ ይወርዳል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ ተከፈተ። ሁለቱም በሕይወት አሉ አሉኝ። ሲያስገቡኝ ልጅቷ ነቅታ ነበር፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ሕፃኗን አጠገቧ አስተኙላት።

«እማ፣ ይሄ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ያመጣችሽ መኪና ናት።»

«ያጥፋት በይው። እዚህ እናድራለን።»

ወጥቼ ነገርኩት። ካሚዮኑን አየ፣ የነዳጁን መርፌ አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ አጠፋት። ድንገት ጸጥ ሲል እስከዚያ በሞተሩ ተውጦ የነበረው የሕፃን ልቅሶ በመስኮቱ ወጣ። ጥርት ያለ፣ ቁጣ ያለበት ልቅሶ ነበር።

«ወንድ ነው?» አለኝ።

«ሴት ናት።»

ጥቂት አዳመጠ። «አልሐምዱሊላህ ይበሉ» አለ። «ግን ይቺም ተሟጋች ናት።»