እርሳስ አኝኬ ነው ያደግሁት

ታላቅ ወንድሜን ሰፈሩ «አይስቴ» ይለዋል። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። የአደን ወቅት ሲከፈት ግን ፈቃዱን ኪሱ ከትቶ፣ ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጫካ ይገባል። አንድ ጥይት፣ አንድ አጋዘን። ተሳፋሪው መቀመጫ ሳይዝ ይህን ወሬ ይሰማል። እኔ ታናሽ እህቱ ሥጋ ቤት አለኝ፤ እሱ የጣለውን የምገፍፈው፣ የምበልተውና የምፈጨው እኔ ነኝ።

ክፉ ነው አልልም። እናታችን ስትሞት ያሳደገኝ እሱ ነው፤ የቢላዋ አያያዝ ያስተማረኝም እሱ። አንዴ ግግም ካለ ግን በግሬደር አይነቀልም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፣ ዝምተኛ። ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባት፣ ተስፋ ቆርጠው ከተቀመጡ በኋላ ዘንድሮ አረገዘች። ሐኪሙ ደም አንሶሻልና ቀይ ሥጋ ብዪ ሲላት ወንድሜ ክንፍ አወጣ። «ሥጋ ነው የቸገረው? የእኔ ልጅ ገና ሆድ ውስጥ እያለ አጋዘን ይበላል!»

ጎረቤቴ ክሊኒክ ውስጥ ራጅ ታነሳለች። የሰጠኋትን የአጋዘን ሥጋ ስትበላ ጥርሷ መሀል ግራጫ ፍንጣሪ አገኘች። ነገሩ ከንክኗት የተረፈውን እንደታሰረ ወስዳ ራጅ አነሳችውና ፎቶውን አመጣችልኝ። ሥጋው ላይ ጨው የተበተነበት ይመስላል። እኔ እኮ ጥይቱ የመታውን ዙሪያውን ቆርጬ ጥዬዋለሁ! የጥይቱ እርሳስ ግን አጥንት ሲመታ ተፈረካክሶ፣ ዓይን የማያየው ብናኝ ሆኖ ርቆ ሄዷል። «እርጉዝ ሴት ይሄን ከበላች ወደ ጽንሱ ያልፋል» አለችኝ። «የልጁን አእምሮ ነው የሚጎዳው።»

ፎቶውን ይዤ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። ሳቀብኝ።

«እርሳስ? እርሳስ ነው የምትፈሪው? እኔ ትምህርት ቤት እርሳስ አኝኬ ነው ያደግሁት። ምን ሆንኩ?»

«ያ መጻፊያ ነው፤ ስሙ ነው እንጂ አንድ የሆነው፣ ውስጡ እርሳስ የለበትም።»

«እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም! ኧረ እህቴን ስሙልኝ!»

ላገኘው ሁሉ አወራው። ጓደኞቹ ሥጋ ሊገዙ ሲመጡ ጆሯቸው ላይ እርሳስ ሰክተው ይገቡ ጀመር። ቆሽቴ አረረ። ሰው ስለ ልጁ ሲነገረው እንዴት ቀልድ ይታየዋል?

መጨረሻ ላይ እጁን ጎትቼ ጠመንጃ መሸጫው ወሰድኩት። ሽማግሌው ባለሱቅ ሁለት ፓኬት ጥይት መስታወቱ ላይ ደረደረ። ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም የሚያብረቀርቁ።

«ይሄኛው ሙሉ መዳብ ነው» አለ። «ሲመታ ፊቱ ይከፈታል እንጂ አይበተንም። ለአጋዘን ቀለል ያለውን ውሰድ፤ ቀለል ሲል ይፈጥናል፣ ሲፈጥን በደንብ ይከፈታል። ግን ጠመንጃህን ውስጡን ወልውለህ፣ ዒላማ ላይ እንደ አዲስ አስተካክለው። በድሮው ቦታ አይመታልህም። ያኛው ደግሞ መዳብ የለበሰ ነው፣ ሆዱ እርሳስ። ቀለሙ እንዳያታልልህ።»

ደንበኛ እየጠበቀኝ ስለነበር ትቼው ወጣሁ። በኋላ ደውሎ «ገዛሁ፤ መዳብ ነው፣ ደስ ይበልሽ» አለኝ። አመንኩት። ወንድሜ ነዋ!

ከዚያ ወዲህ እሱ ያመጣል፣ እኔ እፈጫለሁ፣ እሷ ትበላለች። ጥይቱ ሁልጊዜ በወዲያ በኩል በስቶ ስለሚወጣ ዓይኔ ያየው ነገር አልነበረም። ቅዳሜ ያመጣው ግን ግዙፍ አጋዘን ነበር። አንዱን ታፋ ለቤቱ ቆርጦ እያፏጨ ሄደ። እኔ ቀሪውን ስገፍፍ ትከሻው ላይ፣ ቆዳው ስር፣ አንድ ጠጣር ነገር ጣቴን ወጋኝ። አወጣሁት። የመዳቡ ልብስ እንደ ሙዝ ልጣጭ ወደ ኋላ ተገልብጧል። ውስጡ ግራጫ ነው፣ ግማሹም የለም። ግማሹ የት እንደገባ ለእኔ ነጋሪ አያሻኝም።

ሽርጤን ሳላወልቅ ወጣሁ።

ቤቱ ስገባ እሱ ምድጃው አጠገብ ድስት ያማስላል። ሚስቱ ስፌት መኪናዋ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ናት፤ ለሕፃኑ ልብስ ልክ የምታወጣበት ነጭ ወረቀት ተዘርግቷል፣ ጎኑ ላይ በግማሽ የተበላ የሥጋ ሳህን።

«ወንድምጋሼ፣ መዳቡን ስትገዛ ጠመንጃህን ዒላማ ላይ አስተካከልከው?»

«ምን በወጣኝ! ገና በመጀመሪያው ተኩስ ያው ቦታ መታ። አይስቴ ነኝ እኮ!»

«ያው ቦታ የመታው ያው ጥይት ስለሆነ ነው!» ጮህኩበት። ያንን ግራጫ ነገር አፍንጫው ስር ደቀንኩለት።

አየው። እኔ ደግሞ ፊቱን አየሁ። ተታልሎ ቢሆን ኖሮ ባለሱቁን ይሳደብ ነበር። አልተሳደበም። «ከላዩ መዳብ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጠመንጃው የለመደው እሱን ነው። በማላውቀው ጥይት ወጥቼ ብስትስ?»

«ብትስትስ? ብትስት ምን ትሆናለህ? ስምህን ነው የፈራኸው?»

«ታካብጃለሽ። እኛ ስንት ዓመት አኝከን...»

ዓይኑን በጨው አጥቦ አሁንም ሊቀልድ! ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን እጄ ነው ያደረገው። ጥይቱን በግራጫው በኩል ወረቀቱ ላይ ጫንኩት። ጻፈ። ልክ እንደ መጻፊያው ጻፈ። «ልጅህ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩና ጥይቱን እግሩ ስር ወረወርኩት።

«እርሳስ ይኸውልህ! አኝከው!»

ሚስቱ ጽሑፉን አነበበች። ሳህኑን በሁለት ጣቷ ገፋ አደረገችው። እኔ እንደጮህኩት አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«ስንቴ በላሁ?» አለችው።

እሱ የጣለውን አጋዘን አንድ በአንድ ያውቃል። የት ቆሞ እንደነበር፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ምን ያህል እንደራቀ፤ ለተሳፋሪ ሲያወራ አንዱንም አይዘልም።

«ንገረኛ! ስንቴ አበላኸኝ?»

አይስቴ ጭልፋውን እንደያዘ በሌላው እጁ ጣቶቹን እያጠፈ መቁጠር ጀመረ። አምስቱን ጨርሶ እንደገና ከአውራ ጣቱ ጀመረ።