ግድግዳ የምንጋራው ብየዳ ቤት

ዛሬ እኔ፣ ድምፅ የሚያመኝ ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ ጎረቤቴ ላይ ጮህኩ።

ቡራዩ የተከራየሁት ክፍል ከብየዳ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። በርና መስኮት ይሠሩበታል። ብረት ሲቆረጥ ጥርሴ ሥር ነው የሚሰማኝ። ጆሮዬን በጥጥ ጠቅጥቄ ሞክሬያለሁ። (ድምፁ ጥጥም ይቆርጣል።)

ከምሳ በኋላ አላስቻለኝም፣ ወጣሁ። ባለቤቱን ኦቦ ገመቹን ደጋግሜ ብጠራቸው ዞር አላሉም። ሚስታቸው ትከሻቸውን ነካ ሲያደርጓቸው ማሽኑን አጠፉ።

«ኦቦ፣ ድምፁ ያመኛል» አልኳቸው።

«ጮክ በይ ልጄ፤ ጆሮዬ ከደከመ ቆየ።»

ልጣላ ነበር የሄድኩት። 

«ድምፁ ያመኛል!» ብዬ ጮህኩ። ፊት ለፊት ያለው ሱቅ በር ላይ የቆሙት ሁሉ ዞሩ።

ኦቦ ገመቹ ማሽኑን አዩት፣ እኔንም አዩኝ። «እኔን ጨርሶ አንቺን ጀመረሽ በይኛ» አሉ።

መቁረጡን በጠዋት፣ ቀለም መቀባቱን ከሰዓት ሊያደርጉት ተስማማን።

አሁን ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ግን ምንም ደስታ አልተሰማኝም። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ግድግዳውን አያለሁ።

እንደኔ ድምፅ የሚያማችሁ፣ ለጎረቤት እንዴት ነው የምትነግሩት? እስቲ ጻፉልኝ።