የአደም ጣሳ

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሸሕዲ በጭነት መኪና ተሳፈርኩ፤ መተማ ላይ ወርጄ ድልድዩን በእግሬ ተሻገርኩና ሱዳን ገባሁ። ለምን ብትሉኝ፣ መሬታችን ተወስዶ ነዋ!

መጀመሪያ የተወሰደው ግን የእኛ አልነበረም፤ የጎረቤታችን የአደም ነው። አደም ጉሙዝ ነው። ከአባቴ ጋር ጎን ለጎን ሰሊጥ ያጭዳል፤ ውሃ ሲጠማው ግን በረንዳችን ላይ የተሰቀለች የብቻው ጣሳ ነበረችው። ነውር ነው ያለ የለም፤ እኔም አላልኩም። አንድ ባለሀብት የአደምን ማሳ ፈለገና አስተዳዳሪውን ፍየል አርዶ ጋበዘው። በማግስቱ አስተዳዳሪው አባቴን ለምስክርነት ጠርቶ የአደም ማሳ ዳር አቁሞ፣

«ይህ መሬት ጦም ያደረ ነው፤ አይደለም?» አላቸው።

የአደም ማሽላ ከአስተዳዳሪው ቁመት ይበልጥ ነበር እኮ!

«እርሻ አላየሁበትም፣ ጌታዬ» አሉ አባቴ።

የእኛን እንዳይነኩብን ብለው ነው። ዓመት ሳይሞላ የእኛም ተከተለ።

ገዳሪፍ ከተማ አንድ ሐጂ ቤት በሠራተኝነት ተቀጠርኩ። ሙቀቱስ ያው የቆላችን ነው፤ ኪስራ የሚሉት ቂጣቸው ግን ከእንጀራችን ጋር ሲተያይ ወረቀት! ገና በመጀመሪያው ቀን እመቤቲቱ አንዲት የተሸረፈች ኩባያ ሰጠችኝ።

«ሐበሺያ፣ ያንቺ ይቺ ናት። ከእኛ ዕቃ እንዳትቀላቅዪ።»

«ሲቲ፣ እመቤቴ፣ የሁላችሁንም የማጥበው እኔው አይደለሁ እንዴ?»

ከት ብላ ሳቀች። ኩባያዬ ግን ያው ቀረች።

አንድ ቀን ሐጂው አንድ ሹም ምሳ ጋብዞ የሰው እርሻ እንዲሰጠው ያግባባው ጀመር። ሻሂ አቀረብኩ፤ ስኳሩ ሳይሟሟ ሹሙ እሺ አለ። ያች ፍየል ትዝ አለችኝ። ለካ ቋንቋው ነው እንጂ ግብዣው አንድ ነው!

ወዲያው አባቴ ጋ ደወልኩ። አደም ይግባኝ ብሎ ምስክር አጥቶ እንደሚንከራተት ነገሩኝ።

«አባባ፣ የአደም ጣሳ አለች?»

«ተሰቅላለች። ምነው?»

«ለእኔም እዚህ እንደዚያው ለይተውልኛል።»

 

«ላንቺ? ለኔ ልጅ?»

«አደምስ የሰው ልጅ አይደል፣ አባባ? ማሽላውን አይተውታል እኮ።»

በሳምንቱ አባቴ ከአደም ጋር በአንድ ባጃጅ ሸሕዲ ፍርድ ቤት ሄዱ። «ማሽላውን አይቻለሁ፤ ያኔ ዋሽቼ ነው» ብለው ፈረሙ። መሬቱ ገና አልተመለሰም፤ ይመለሳል። ቤት ሲገቡ ጣሳዋን ከበረንዳው አውርደው የዶሮ ማጠጫ አደረጓት።