ባለቤቷ ያልተገኘችበት ግብዣ

ናማንጋን ከተማ ውስጥ በእኛ የልብስ ስፌት ፋብሪካ አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ሴቱ ሁሉ ድንገት ዘመድ ይበዛበታል። የአንዷ አማት ታማለች፣ የሌላዋ ሕፃን ጥርስ እያወጣ ነው፣ የእኔ ባል ደግሞ እኔ ካልቀዳሁለት ሻይ አይወርድለትም። ሰውዬው ሻይ አይወድም፤ ግን ይህን ሰበብ ስንት ዓመት በልቼበታለሁ። ዘመድ የማይበዛባት አንዲት ሴት ብቻ ነች፤ ካውያ ላይ የምትሠራው ዙልሁሞር።

አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ሥራ ፍለጋ ሩሲያ ሄደና እዚያው ሌላ አግብቶ ቀረ። ልጅ አልወለዱም። የትርፍ ሰዓት ሥራ በመጣ ቁጥር ፎርማኑ ቆቢል "ማን ይቆያል?" ይልና መልስ ሳይጠብቅ ወደ እሷ ይዞራል።

"እትዬ ዙልሁሞር፣ መቼም እርስዎን ቤት የሚጠብቅዎ የለም።"

ክፋት የለውም፤ "ዛሬ ደመና ነው" እንደማለት ነው የሚናገረው። እሷም "ልክ ነህ" ትልና ካውያዋን ታነሳለች።

ጋፕ የምንለው የሴቶች ማኅበር አለን። በወር አንድ ሐሙስ፣ ከሥራ በኋላ፣ በየተራ አንዳችን ቤት ተሰብስበን እንበላለን፣ እናማለን። ዙልሁሞርም አባል ነች። አባል ስል ስሟ አለ ማለቴ ነው። በዚያ ሐሙስ የእኛን የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚሸፍን ሰው ያስፈልጋላ! በስድስት ዓመት አንድ ቀን መጥታ አታውቅም። ተራዋ ሲደርስም እጅጌ የምትሰፋው ኦይኒሶ "አንቺ ደግሞ ምን አደከመሽ፣ እኔ ቤት ይሁን" እያለች ትዘልላት ነበር።

ባለፈው ኅዳር ግን ዙልሁሞር "ተራዬን ለማንም አልሰጥም" አለች። ግድግዳዋን ቀለም ቀባች። ከጎረቤት የሻይ ሲኒ ተዋሰች። ሐሙስ ጠዋት ሥጋውን ጠብሳ፣ ካሮቱን ከትፋ፣ ፓሎቭ የምንለውን የሥጋና የሩዝ ምግብ ሩዝ መጨመር ብቻ ሲቀረው ትታው መጣች። ከንፈሯን እንኳ ቀብታለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ቆቢል ደረሰ። ነገ ማለዳ የሚጫን አራት መቶ ሸሚዝ አልተተኮሰም።

"ማን ይቆያል?" አለና ዞረ።

"ዛሬ እንግዳ አለኝ፣ ቆቢል።"

"እርስዎ? ማን ነው እንግዳው?"

በአገጯ ወደ እኛ ጠቆመችው። አሥራ አንዳችንም ቦርሳችንን አንግበን ቆመናል።

"ታዲያ ከእነሱ ሁለቱ ይቆዩልዎ" አለ፤ እውነት ለመናገር፣ ደህና ነገር ነው ያለው።

ሁላችንም ወለሉን ማየት ጀመርን። ለካ ስንጥቅ በስንጥቅ ኖሯል።

"ሥጋው ቢበላሽ ነውር ነው" አለች ኦይኒሶ በመጨረሻ። "ቁልፉን ስጪንና እኛ እንጀምር፤ አንቺ ትደርሺ የለ?"

ዙልሁሞር ሸሚዞቹን አየች፣ እኛን አየች። ቁልፉን ከሽርጧ ኪስ አወጣች።

"ሩዙን ሰባት ጊዜ እጠቡት" አለች። "ውኃው ከላዩ አንድ ጣት ይብለጥ።"

ካውያ እችላለሁ። "እኔ ልቆይ" ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ሁለት ሳህን በላሁ። ያወራነውም ስለ እሷ ነበር፤ ስለ ባሏ፣ አልጋዋ ላይ ስላለው አንድ ትራስ። ኦይኒሶ ትራሱን አቅፋ ባልና ሚስት ስትጫወት ሳቅ ገደለን። ዙልሁሞር አልደረሰችም። ዕቃውን አጣጥበን፣ ቁልፉን ለጎረቤቷ ሰጥተን ወጣን።

በማግስቱ ሥራ ሳይጀመር አጠገቤ መጥታ ቆመች።

"እንዴት ነበር?"

"እጅሽ ይባረክ፣ ጣት ያስቆረጥማል።"

"ማን የት ተቀመጠ?"

አንድ በአንድ ነገርኳት።

"በሩ አጠገብስ?"

በሩ አጠገብ የቤቱ ባለቤት ቦታ ነው፤ ሻዩን የምትቀዳው ከዚያ ሆና ነው። እኛ ካፖርታችንን ከምረንበት ነበር።

"ላንቺ ትተንልሽ ነበር" አልኳት።

"ምን አወራችሁ?"

"ምን እናወራለን? ስለ ካሮት ነዋ። ለፓሎቭ ቀዩ ይሻላል፣ ቢጫው ይሻላል እያልን ስንጨቃጨቅ አመሸን።"

"ያን ሁሉ ሰዓት?"

"ኦይኒሶን አታውቂያትም እንዴ?"

ፈገግ አለች። ትንሽ አሰበችና "እኔ ብኖር ቢጫው ነው የሚሻለው እል ነበር" አለች።

"ሁላችንም እዚያው ላይ ነው የተስማማነው።"

"አየሽ" አለችና ደስ ብሏት ወደ ካውያዋ ሄደች።