የሚነጥርና የሚጣበቅ ዝናብ

ባለቤቴን የአየር ጠባይ ልክፍት የያዘው ሚኒያፖሊስ በገባን በዓመቱ ነው። ታክሲ ይነዳ ስለነበር፣ መንገድ ላይ የሚውል ሰው ስለ ሰማይ ቢጨነቅ አይፈረድበትም ብዬ መጀመሪያ ላይ ዝም አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን ትንሽ ጥቁር ሬዲዮ ይዞ መጣ። ዘፈን የለው፣ ዜና የለው፤ ሰው ይሁን ማሽን በማይለይ ድምፅ ቀኑን ሙሉ ስለ ንፋስ፣ ስለ ደመና፣ ስለ ሙቀትና ስለ ቅዝቃዜ ብቻ ያነበንባል። ወጥ ቤቴ መስኮት ላይ አስቀመጠው። ከመስኮቱ ውጪ ቴርሞሜትር ሰቀለ። የኋላ ደረጃው ላይ ደግሞ የወረደውን ውሃ የሚለካበት ባዶ የቲማቲም ጣሳ አኖረ። ጣሳውን ቆሻሻ መስሎኝ ብጥልበት ለቀናት አኮረፈኝ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ፊሊፕስ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። እኔ ፎርት ስኔሊንግ በኩል ኤርፖርቱ ውስጥ ሳንድዊች የሚዘጋጅበት ኪችን እሠራ ነበር። ሺፍቴ ማለዳ ስለሚጀምር ባለቤቴ ታክሲውን ይዞ ሳይመለስ ነው የምወጣው። አንድ አውቶቡስ፣ ከዚያ ሌላ አውቶቡስ። ሁለተኛውን የምጠብቅበት ቦታ ጣራ እንጂ ግድግዳ የለውም፤ ኖቬምበር ሲገባ ንፋሱ በአንዱ እጅጌዬ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ነበረብኝ። የመለማመጃውን ፈቃድ፣ ፐርሚቱን፣ ይዣለሁ፣ መንዳቱንም ለምጄዋለሁ፣ አሮጌ መኪናችን በር ላይ ቆማለች። የቀረኝ መንገድ ላይ የሚሰጠው ፈተና፣ ሮድ ቴስት፣ ብቻ ነበር።

የባለቤቴ ልክፍት የራሱ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። እሱ ግን መሰሎቹን አገኘ። አንዱ እንደሱ ታክሲ የሚነዳ የባሌ ሰው ነው፤ በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር፣ አማርኛውን ረጋ አድርጎ የሚያወራ። ሌላው ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ የኤርፖርቱ ፓርኪንግ የሚሠሩ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡን ጋሼ እንላቸው ነበር። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ጠረጴዛዬን ከበው ይቀመጡና፣ ስለ ሚስት፣ ስለ ልጅ፣ ስለ አገር የሚያወሩ ቢመስላችሁ ተሳስታችኋል፤ ከመስኮቱ ውጪ የሚወርደውን ነገር ስም ያወጡለታል።

“ይሄ በረዶ ነው” ይላሉ ጋሼ።

“በረዶማ ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው፤ ይሄ ስኖው ነው” ይላል ባለቤቴ።

“ስኖው አማርኛ አይደለም።”

“እንግዲያው አመዳይ በሉት” ይላል የባሌው ሰው። “እኛ አገር ተራራው ላይ ጠዋት ስትነሳ ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ።”

“እሱ ውርጭ ነው። ውርጭ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም።”

እንዲህ እያሉ ሻዬን ይጨርሱታል። ደግሞ ቢጠጡት ደግ ነበር፤ ስኳሩን በመበተን ደመና እንዴት እንደሚሄድ ጠረጴዛዬ ላይ ይሥላሉ። የሚብስባቸው ኖቬምበር ነው። ያ ወቅት ክረምትም አይደለም፣ በጋም አይደለም፤ ዝናብ ሲጀምር ስኖው ይሆናል፣ ስኖው ሲሉት መልሶ ውሃ ይሆናል። ብዙ ተከራክረው በመጨረሻ ለሁለቱ ክፉ ዓይነቶች ስም ተስማሙ። እየወረደ ሳለ ረግቶ እንደ ጠጠር መሬት ላይ የሚዘለውን “የሚነጥር” አሉት። ውሃ ሆኖ ወርዶ ያረፈበትን ሁሉ መስታወት የሚያደርገውን ደግሞ “የሚጣበቅ” አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ።

የመጀመሪያው የፈተና ቀጠሮዬ ሲደርስ በዋዜማው ተሰበሰቡ።

“ነገ የሚጣበቅ ነው” አለ ባለቤቴ። “ላይ ያለው አየር ሞቃት ነው፣ መሬቱ ግን ውሃ ከሚረጋበት ከሠላሳ ሁለት ፋራናይት በታች ይወርዳል።”

“እኔ የሚነጥር ነው የምለው” አለ የባሌው ሰው። “ቅዝቃዜው ወፈር ያለ ነው።”

“የሚነጥርም ሆነ የሚጣበቅ፣ እሷ በዚህ አትፈተንም” አሉ ጋሼ።

እኔ እዚያው ምድጃው አጠገብ ቆሜ ሽንኩርት አቁላላለሁ። የጠየቀኝ የለም። ባለቤቴ ስልኩን አንስቶ ቀጠሮዬን ካንስል አደረገው። በማግስቱ እንዲህ ያለች ፀሐይ ወጣች፤ አውቶቡስ ስጠብቅ ኮቴን ከፍቼ ነበር የቆምኩት። ማታ “ዝናባችሁ የት ደረሰ?” ብዬ ብጠይቀው፣ “ወደ ደቡብ ዞሮ አዮዋን መታ” አለኝ፣ እንግዳ ቀርቶበት እንዳዘነ ሰው።

ሁለተኛውም ቀጠሮ እንደዚያው ሆነ። ያኔ ያስፈራቸው ንፋስ ነው። ንፋሱ መጣ፣ የኋላ ደረጃው ላይ ያለችውን ጣሳ እንኳን ሳያነቃንቅ አለፈ። ልቤ ውልቅ አለ። “ከእንግዲህ ሰማይና ምድር ቢደባለቅ ቀጠሮዬን አትነኩም” አልኳቸው። ጋሼ “ልጄ፣ እኛ ላንቺ ብለን ነው” አሉ። ለእኔ ብለው መሆኑን አላጣሁትም። ያ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ፤ ለክፋት ቢሆን መልስ አላጣም ነበር።

ሦስተኛው ቀጠሮዬ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ወደቀ። ሦስቱ ሰዎች ሬዲዮውን አዳመጡ፣ ቴሌቪዥኑን አዩ፣ መስኮት ከፍተው አሸተቱ። ቤቱን አቀዘቀዙት እንጂ በዚህ ጊዜስ አልተከራከሩም። ደረቅ ነው አሉ። ብርድ ነው እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለም። የባሌው ሰው “ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ለፈተና የሚመች ቀን አይገኝም” ብሎ መረቀኝ።

በዕለቱ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ግራጫ ሆኖ ነበር። ባለቤቴ አብሮኝ መጣ፤ በፐርሚት ብቻ ያለ እሱ መንዳት አልችልም። መንገዱን ሁሉ እኔ ነዳሁ፣ እሱ በመስኮት ወደ ላይ እያየ “አየሽ? ደረቅ” ይለኛል። መፈተኛው ቦታ ደርሰን እሱ ወረደ፣ በምትኩ ወፍራም ካፖርት የለበሰ፣ ወሬ የማያበዛ ፈታኝ ገባ።

ቀበቶዬን አሰርኩ፣ መስታወቱን አስተካከልኩ። በሁለት መኪና መሐል ማቆሙን፣ ፓራለል ፓርኪንጉን፣ ስፈራው የነበረውን ያህል ሳይሆን በአንድ ጊዜ አገባሁት። ፈታኙ ራሱን ነቀነቀ። ልቤ ሞቅ አለው። ወደ መንገዱ ስንወጣ ካፊያ ጀመረ። ውሃ ነው፤ ዋይፐሩ ሲጠርገው ይሄዳል፣ ምንም አይመስልም። ከፊታችን ሌላ ተፈታኝ የምትነዳት ትንሽ መኪና ነበረች። ጎማዋ ከኋላው ውሃ ይረጭ ነበር፣ ከዚያ መርጨቱን አቆመ። መንገዱ ግን እንደራሰ ያብረቀርቃል።

ይህን ነገር ስንት እሑድ ሰምቼዋለሁ። መንገድ እርጥብ መስሎ ጎማ ውሃ ካልረጨ፣ ያ ውሃ አይደለም። ፍሬን ሳልነካ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳሁ። የፊተኛዋ መኪና ወደ ግራ ለመታጠፍ ሞከረች፤ አፍንጫዋ ታጠፈ፣ ቀሪው አካሏ ግን ቀጥ ብሎ ሄደ። ሳሙና የፈሰሰበት ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ሳህን ቀስ ብላ ዞረችና ፊቷን ወደ እኛ አድርጋ ቆመች። ነጂዋ ወጣት ልጅ ነበረች፤ አፏን ይዛ ታየኛለች። እኔም ቀስ እያልኩ፣ መኪናዬ እየተንሸራተተች፣ ልንነካካ ትንሽ ሲቀረን ቆምኩ።

ፈታኙ እጁን ከዳሽቦርዱ ላይ አነሳ። “ጥሩ ነው” አለኝ በእንግሊዝኛ። “ፈተናው ግን እዚህ ላይ ይቆማል። በእንዲህ ያለ መንገድ ማንንም አንፈትንም።”

“አልፌያለሁ?” አልኩት።

“አላለፍሽም፣ አልወደቅሽምም። ሌላ ቀን ትመጫለሽ።”

በእርምጃ ፍጥነት ወደ ግቢው ተመለስን። ባለቤቴ ከሕንፃው ጣራ ሥር መቆም ሲችል ሜዳው መሐል ቆሞ፣ ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ እጅጌው ላይ የሚያርፈውን ጠብታ አንድ በአንድ ይመለከታል። ፊቱ እንደ ሙሽራ አብርቷል። በሩን ስከፍት ሮጦ ሊመጣ ብሎ ተንሸራተተና የመኪናዋን መስታወት ያዘ።

“ሲወርድ መስታወቱ ላይ ነጠረ ወይስ ተጣበቀ?” አለኝ።

አየሁት። እሱ መልስ ይጠብቃል።

“ተጣበቀ” አልኩትና ወደ ሌላኛው ወንበር ተሻገርኩ።

እስከ ቤት እሱ ነዳ። ላይ ያለው ሙቅ አየር እንዴት እንዳታለላቸው፣ ሬዲዮው እንኳን እንዴት እንደተሳሳተ፣ መንገዱን ሁሉ አስረዳኝ። እውነቱን ለመናገር ሲነዳ ጎበዝ ነው፤ በዚያ መስታወት ላይ አንድም ጊዜ አልተንሸራተትንም።

ቤት ገብተን ሻይ ሳይፈላ ጓደኞቹ መጡ። የባሌው ሰው በዚያ መንገድ መንገደኛ አልጭንም ብሎ ታክሲውን አቁሞ፣ ጋሼን ከኤርፖርት ይዞ ነው የመጣው። ጋሼ ኮታቸውን ሳያወልቁ ወደ ቴርሞሜትሩ ሄዱ። ባለቤቴ እጅጌው ላይ ያየውን ይተርካል፤ ጣሳው አፍ ላይ የረጋውን በጥፍራቸው እየነኩ ይመረምራሉ። ከዚያ የባሌው ሰው ድንገት ዞር ብሎ፣ “እህቴ፣ ፈተናውስ እንዴት ሆነ?” አለኝ።

ሬዲዮው ብቻ ያወራል። ባለቤቴ ጣሳውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ፤ መጠየቁን መርሳቱ ያኔ ገባው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

“ሰማዩ ደረቅ ነው ብላችሁ ላካችሁኝ፤ መንገዱ ሊያጋጨኝ ደረሰ” አልኩ። ድምፄን አላነሳሁም። “ፀሐይ ስትወጣ ዝናብ ነው ብላችሁ አስቀራችሁኝ። ዓመቱን ሙሉ ይህን ወሬ ችዬ ኖሬያለሁ። ዛሬ ፍርሃቴ ሳይለቀኝ ከመኪና ስወርድ፣ ይህ ሰው ደህና ነሽ ወይ አላለኝም። ነጠረ ወይስ ተጣበቀ ነው ያለኝ።”

ጋሼ ኮታቸውን አወለቁና ተቀመጡ። “ልክ ነሽ ልጄ፤ አጥፍተናል” አሉ። የባሌው ሰው እጁን ዘርግቶ ሬዲዮውን አጠፋው። ባለቤቴ ወደ ምድጃው ሄዶ ሻዩን ራሱ አፍልቶ ለእኔ አስቀድሞ ቀዳልኝ፤ እንዴት እንደቆምኩ፣ ልጅቷ ምን እንደሆነች፣ ፈታኙ ምን እንዳለ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። እግሬን ከነዳጁ ላይ ማንሳቴን ስነግራቸው ሦስቱም ተያዩ፤ ምን ሊሉ እንደነበር አውቄያለሁ። ደግነቱ አፋቸውን ያዙ።

የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ዊንተሩ ጠንክሮ፣ ስኖው መንገድ ዳር ተቆልሎ ባለበት ጊዜ ነበር። ባለቤቴ ያን ጠዋት ሬዲዮውን አልከፈተም። በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ ቴርሞሜትሩን ላለማየት አንገቱን ሲያዞር ሳቄ መጣ። አለፍኩ። አልሐምዱሊላህ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ፣ መንገዱን ሁሉ ስለ ፈተናው ብቻ አወራን። ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ጠብቄ አላውቅም።

ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ አይለወጥም። ስብሰባው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመለሰ፤ ደግሞ አሁን እኔ ጠዋት ጠዋት ኤርፖርት ድረስ ድራይቭ ስለማደርግ፣ በነሱ ቤት የእነሱ ታዛቢ ሆኛለሁ። ሥራ ቦታ ስልክ ይደወላል። አለቃዬ መጀመሪያ መጀመሪያ ሰው የሞተብኝ መስሏት ደንግጣ ትጠራኝ ነበር፤ በኋላ ላይ ከሥራዋ ቀና እንኳን ሳትል “ባልሽ ነው፣ ስለ ዝናቡ” ትለኛለች። እጄን ታጥቤ፣ ጓንቴን አውልቄ፣ ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ ስልኩን አነሳለሁ።

“በመስኮት እይልኝ እስቲ፤ ምንድን ነው የሚወርደው?” ይላል።

“ውሃ” እለውና እዘጋዋለሁ።