ነርሲንግ የሚማር ዘመድ የለንም

የእኛ ሰው ሲታመም ይደብቃል፣ ሲድን ይደብቃል፣ ቤት ሲገዛ ይደብቃል። እርግዝናዋን ሆዷ ቀድሟት በር እስኪገባ ድረስ የደበቀች ሴትም አውቃለሁ። ይሁን፤ ቤቱም ሆዱም የራሳቸው ነው። ግን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መግባትን፣ ማንም ሄዶ የሚመዘገብበትን ነገር፣ እንደ ታቦት ሸፍኖ መያዝ ምን የሚሉት በሽታ ነው? እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥር ገደማ ነው። ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖር ነበር። ሥራዬ ሲኤንኤ፣ የነርስ ረዳት መሆን ነው፤ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት አጥባለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ አበላለሁ። የምፈልገው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እዚያው አካባቢ ያለው ኮሌጅ ነርሲንግ ፕሮግራም መግባት። የሚጠይቁትን ሁሉ ከሥራ በተረፈኝ ሰዓት ለቅሜ ጨርሻለሁ። እንግሊዝኛው አልቋል። አናቶሚው አልቋል። ማይክሮባዮሎጂው ከነላቦራቶሪው አልቋል። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራው እንኳ አልቋል፤ ልጅ ሆነን የተከተብነው ክትባት የምርመራውን መርፌ ስንወጋ ክንዳችንን እያሳበጠ ሐበሻን በሙሉ በሽተኛ ስለሚያስመስል እኔም እንደ ሰዉ ደረቴን ራጅ ተነስቼ ገላገልኩት። የቀረኝ የመግቢያ ፈተናው ነበር። ችግሩ፣ ኮሌጁ አምስት ዓመት ያለፈውን ሳይንስ አይቆጥርም። እኔ ደግሞ ሁለት ሥራ እየሠራሁ አንድ አንድ ክላስ ስለወሰድኩ የመጀመሪያው አናቶሚዬ በዚያ ዓመት ሊቃጠል ነው። በዚያ ዙር ካልገባሁ ከአጥንት ስም እንደገና መጀመሬ ነው።

እናም ሰው መጠየቅ ያዝኩ። ቅዳሴ ሲያልቅ ፓርኪንጉ ላይ ያገኘኋትን ሁሉ «ነርሲንግ የገባ ሰው ታውቂያለሽ?» እላለሁ። «ኧረ እኔ የት አውቄ!» ብላ አንዷ ወሬውን ወደ ልጇ የልደት በዓል ታዞረዋለች። ሌላዋ «በጣም ከባድ ነው ይላሉ» ትለኛለች፤ ማን ነው የሚለው ስላት «ሰዎች» ትላለች። ሰዎች! ሆስፒታል የሄድሽ እንደሆነ ግን በየፎቁ ሐበሻ ነርስ ነው፤ መርፌ የሚወጋሽ ሐበሻ፣ ደም የሚቀዳሽ ሐበሻ። እነዚህ ሁሉ የት ተማሩ? ከሰማይ ወረዱ? አንድ ሰው እንኳ ሲማር ያየ የለም፤ አንድ ቀን ብቻ ጫማቸውን ነጭ አድርገው ብቅ ይላሉ።

አክስቴ ከወንድ ልጃቸው ጋር ከዲሲ ማዶ አሌክሳንድሪያ ከተማ ይኖሩ ነበር። እሑድ እሑድ እሳቸው ቤት እንሰበሰባለን። ሴቷ ልጃቸው ከእኔ ቀድማ ነው አሜሪካ የመጣችው፤ እንደኔው ሲልቨር ስፕሪንግ ነች፣ ዲሲ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነኝ ነው የምትለው። ከእሷ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ነው ያደግነው። አንድ እሑድ ሳህን እያጠብን ጠየቅኋት።

«ነርሲንግ? አንቺ ደግሞ! እኔና ትምህርት ከተለያየን ስንት ዘመናችን» ብላ ሳቀች።

በሚቀጥለው እሑድ ግን ለፈተናው የሚጠና አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይዛልኝ መጣች። «አንድ የማውቃት ልጅ ትታው የሄደችው ነው። ይሄን ካጠናሽ ይበቃሻል» አለችኝ። አገላብጬ ሳምኳት። ድንቄም ዘመድ! አክስቴ ከሶፋቸው ላይ ሆነው ይሰሙን ነበርና ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እስኪሳካ አፍሽን ያዢ» አሉኝ። «ሆድ ይፍጀው። የሰው ዓይን ደግ አይደለም።»

«እትዬ፣ ለአገሩ ሁሉ ተናግሬ ጨረስኩ እኮ» አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። እውነትም ያዘኑልኝ ይመስላሉ።

ያንን መጽሐፍ አውቶቡስ ላይ አጠናሁት፣ ብሬክ ሩም ውስጥ አጠናሁት፣ ልብስ ማጠቢያው እስኪጨርስ ምድር ቤት ቆሜ አጠናሁት። ሽፋኑ ተገንጥሎ በላስቲክ አሰርኩት። በመሃል ሥራ ቀየርኩ፤ ለቤቴ ቀረብ ያለ ሌላ ነርሲንግ ሆም ገባሁ። የት ገባሽ ብሎ የጠየቀኝ ዘመድ ስላልነበረ ለማንም አልተናገርኩም።

ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ጠዋት ላይ፣ የኮሌጁ ተማሪዎች ለክሊኒካል ልምምድ እኛ ጋ መጡ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ ዳማ ስክራብ ለብሰው፣ የስም ካርዳቸውን ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ከአስተማሪያቸው ኋላ እንደ ጫጩት ተሰልፈዋል። በቅናት ዓይን አየኋቸው፤ እውነቱን መናገር ነው። ከዚያ ሦስተኛዋን አየኋት። የአክስቴ ልጅ ነች። ካሸሯ! ስቴቶስኮፕ አንገቷ ላይ!

አፌን ልከፍት ስል ዓይኗን ወደ ግድግዳው አዞረች። አስተማሪዋ ምን አውቃ፣ «እስቲ በሽተኛ እንዴት እንደሚገለበጥ አሳዪያቸው» ብላ ሁለት ተማሪዎች ወደ እኔ ገፋች፤ አንደኛዋ እሷ ነች። እጇን ዘረጋችልኝ።

«ናይስ ቱ ሚት ዩ።»

እንግዲህ ይህቺ ኩፍኝ ሲይዘኝ አብራኝ ኩፍኝ የያዛት ልጅ ናት! እኔም ተናድጄ እንደ ባዳ «ናይስ ቱ ሚት ዩ ቱ» አልኳት። አልጋው ላይ የተኙት አሮጊት ነገር የማያመልጣቸው ፈረንጅ ነበሩ። እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። የአያታችን ሰፊ ግንባር ሁለታችንም ላይ ተለጥፏል።

«እህትማማቾች ናችሁ?» አሉ።

«ኖ፣ ኖ!» አለች እሷ፣ ቶሎ ብላ።

«እጅሽን ከትከሻቸው ሥር አስገቢ» አልኳት በእንግሊዝኛ። «እንደሱ አይደለም። ጉልበትሽን እጠፊው እንጂ፣ ወገብሽን ትሰብሪያለሽ።» ጉልበቷን አጥፋ ታዘዘችኝ። አሮጊቷ በሰላም ተገለበጡ።

አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ተከትላኝ ገባችና በሩን ዘጋች። «በማርያም፣ በሞትኩት» አለች፣ አሁን አማርኛው መጣላት። «ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ። ለማንም እንዳትነግሪብኝ። ስጨርስ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

«እናትሽም አያውቁም?»

«ማንም አያውቅም።»

ልስቅ ነበር፤ ከዚያ መጽሐፉ ትዝ አለኝና ሳቄ ደረቀ። «ያ የሰጠሽኝ መጽሐፍ የአንቺ ነው?» ወደ መደርደሪያው ዞረች። «ንገሪኝ እንጂ!»

«ፈተናው ተቀይሯል» አለች፣ ትራስ ልብስ እያጠፈች። «ስሙ ያው ነው፤ የሳይንሱ ክፍል ግን ሙሉ በሙሉ ሌላ ነው። የገባሁት በአዲሱ ነው።»

«መቼ ልትነግሪኝ ነበር?»

የመለሰችልኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ይሄን የሚያህል ሐበሻነት ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። «እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ብነግርሽ እኮ እንደገባሁ ታውቂ ነበር።»

እግዜር ይይልሽ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? ምቀኛ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ምቀኛ እንኳ ዓላማ አለው። ይህቺ ግን ክፋትም የላት። የራሷን ሚስጥር ላለማፍሰስ ብላ ብቻ የእኔ አምስት ዓመት ገደል ሲገባ ቁጭ ብላ የምታይ፣ ያውም እሑድ እሑድ «ጥናት እንዴት ነው?» እያለች! እንዲህ ዓይነቱን ጨዋነት ይሉታል እኛ ቤት። ቁጥብ ልጅ፣ አፈ ልጉም፣ የሰው አፍ የማትገባ። እኔ እዚያ አንሶላ መሃል ቆሜ የታየኝ ግን ፈሪ ብቻ ነው።

አዲሱን መጽሐፍ ከሁለት ቀን በኋላ በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ከሥራ ስወጣ ፓርኪንጉ ውስጥ ሰጠችኝ። የመኪናዋን መስኮት ትንሽ ብቻ ዝቅ አድርጋ ነው የሰጠችኝ፤ ያየን ሰው ሐሺሽ የምንሸጥ ነው የምንመስለው። ስሟ የተጻፈበትን የመጀመሪያ ገጽ ቀዳዋለች። የቀሩኝን ቀናት እንቅልፍ አጥቼ አጠናሁ፤ ሳይንስ እንዲህ በጥድፊያ አይገባም። ንባቡን አለፍኩ፣ ሒሳቡን አለፍኩ፣ በሳይንሱ ለጥቂት ወደቅኩ። እንደገና ለመፈተን የግድ የሚጠበቀው ጊዜ ደግሞ ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን ያልፋል። አናቶሚዬ ተቃጠለ። በመስከረም አሥራ ስምንት ዓመት ካልሞላቸው ልጆች ጋር ተቀምጬ የጭንቅላት አጥንት ስም ከመጀመሪያው መቁጠር ጀመርኩ።

የአክስቴ ልጅ ተመረቀች። እናቷ የሰሙት በምረቃው ሳምንት ነው። ልጅዎ ነርስ ሆነች ሲባሉ ከሶፋው ተነስተው ወለሉን ሳሙት አሉ። አሌክሳንድሪያ ቤታቸው ድግስ ተደገሰ፤ ሰው ደረጃው ላይ ሳይቀር ተቀምጦ በላ። ያች «ከባድ ነው ይላሉ» ያለችኝ ሴትዮም መጥታ ነበር፤ ስክራብ ለብሳ፣ ከሥራ በቀጥታ። ነርስ ነች። ከሦስት ዓመት ጀምሮ!

አክስቴ መሃል ላይ ቆመው፣ «ዝም ስላለች ነው ለዚህ የበቃችው» አሉ ለሰዉ። «ዝም አይነቅዝም። ልጄ ከእኔ እንኳ ደብቃ!» ሰዉ ሁሉ አደነቀ። እናት ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሞኝ ማጨብጨብ! ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ? ያ ትምህርትሽ የት ደረሰ?»

የአክስቴ ልጅ ኬክ መቁረጧን አቆመች። የመጽሐፉን ጉዳይ የማወጣባት መስሏት ነው። እኔ ግን እሷን ረስቻት ነበር።

«ወደቅኩ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። «አናቶሚን እንደገና እየወሰድኩ ነው።»

በዚያ ሳሎን ውስጥ ስንት ሰው ወድቋል፤ ቃሉን ግን አንድም ሰው ተናግሮት አያውቅም። አክስቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ምነው ልጄ፣ ይሄ በሰው ፊት ይነገራል?» አሉ። አንዱ ቶሎ ብሎ ሙዚቃውን ከፍ አደረገው።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት፣ ለአክስቴ ወንድ ልጅ ሚዜ የነበረው ሰውዬ ሚስት ናት። እንደኛው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖሩት። ለዓመታት በየድግሱ ስንገናኝ ከ«ደህና ነሽ» አልፈን አውርተን አናውቅም። ባሏ ወሬ አዋቂ ነው፤ እሷ አፏን ስትከፍት «አንቺ ደግሞ!» ብሎ ሰዉን ያስቃል። ሳህኗን እያየች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ «እኔም» አለችኝ። «ሁለት ጊዜ።»

ንዴቴ እንደገና ገነፈለ። «ምን? አንቺም ወድ—» ስል ባሏ ከወዲያ ማዶ ዞረ። «ምን ሆነች ደግሞ?» አለ። ፊቷ አመድ መሰለ። እንዲያ ስትሆን ሳይ፣ ያ ሁሉ ንቀቴ የት እንደገባ አላውቅም።

«ዳቦ አልደረሳትም» አልኩና ከፊቱ ያለውን ዳቦ አንስቼ ሰጠኋት።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ ቤት እየመጣች አብረን አጠናን። ባሏ የሚያውቀው ማኅበር እንደገባች ነው። በአጥንት ስም ከእኔ ትበልጥ ነበር፤ የኮምፒዩተሩ ሰዓት መቁጠር ሲጀምር ግን ያነበበችውን እንደገና ታነባለች። ለምን ለባልሽ አትነግሪውም ስላት፣ «ከወደቅኩ ዕድሜ ልኬን ይስቅብኛል፤ ካለፍኩ ደግሞ ኮሌጅ አያስገባኝም» አለችኝ። ያንን ሰውዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ብየው አላውቅም። አብረን ተፈተንን፣ አብረን አፕላይ አደረግን።

መልሱ ሲመጣ እኔ ገባሁ። ወዲያው ኮል አደረግኩላት። ያ ሁሉ ሰው ያደረገኝን ላደርጋት፣ «ገና አልሰማሁም» ልላት አልፈለግኩም።

«ገባሁ» አልኳት። «አንቺስ?»

ከኋላዋ ቴሌቪዥን ይሰማል፤ ባሏ ከአንድ ሰው ጋር ይሳሳቃል። «አልሆነልኝም» አለች። በይ ቆዪ፣ ልምጣ፣ እንነጋገር አልኳት። ስትራመድ ሰማሁ፤ በር ተዘጋ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ተከፈተ። ከዚያ ስልኩን አፏ ላይ አስጠግታ፣ ባሏ እንዳይሰማ በትንፋሽ ብቻ፣ እልል አለችልኝ።